ምርመራው ያላሳየው የአንጀት ሕመምና ሴሮቶኒን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ከተለያየ ቦታ የተላኩ ቢሆኑም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩም በእንግሊዝኛው ምኅጻር አይ.ቢ.ኤስ የሚባለው፣ በአማርኛ «የሚቆጣ አንጀት» ብንለው የሚያስኬደው ሕመም ነው። ስለዚህ አራቱንም በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት መምህርት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ትኩሳት ያለው ኃይለኛ ተቅማጥ ይዞኝ አንድ ሳምንት ተኝቼ ነበር። በሽታው ለቀቀኝ፤ ሆዴ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከእምብርቴ በታች ይቆርጠኛል፣ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቀለል ይለኛል፣ ሰገራዬ የላላ ነው፣ ቁርስ እንደ በላሁ ደግሞ መሮጥ አለብኝ። «አሜባ ነው» እየተባልሁ አምስት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ወሰድሁ። በመጨረሻ ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ አበባ ሄጄ የሰገራ፣ የደም፣ የአልትራሳውንድና የኮሎኖስኮፒ ምርመራ ባደርግ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙም «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» ብለው ሸኙኝ። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ግን ሕመሙ ከሴሮቶኒን ጋር እንደሚያያዝ አንብባ ነገረችኝ። እኔ የማውቀው ሴሮቶኒን የደስታ ሆርሞን መሆኑን ነው። ደስታ ጎድሎኝ ነው ሆዴን የሚያመኝ ማለት ነው?
መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ አይደለም። «የደስታ ሆርሞን» የሚለው ስም በጋዜጣም በሬዲዮም ስለ ተለመደ ሰው ሁሉ ሴሮቶኒንን የአንጎል ንብረት አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያ ታሪኩም የሚነሣው ከአንጀት ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ቪቶሪዮ ኤርስፓመር በ1930ዎቹ (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ጡንቻን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር አግኝተው «ኢንተራሚን» ብለው ሰየሙት። በ1948 ደግሞ ሞሪስ ራፖርት፣ አርዳ ግሪንና አርቪን ፔጅ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከደም ውስጥ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር ለይተው ሴሮቶኒን አሉት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ነገር መጠሪያ መሆናቸው በ1952 ታወቀ፤ ያው ነገር አንጎል ውስጥም እንደሚገኝ የተዘገበው ከዚያ በኋላ በ1953 ነው። በዚያም ላይ አንጀት የሚያመርተው ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ አንጎል ለራሱ የሚያስፈልገውን ራሱ ይሠራል። ስለዚህ የእርስዎ ሆድ የተቆጣው ደስታ ስለ ጎደለዎት አይደለም፤ ቁርጠቱም የመንፈስዎ መለኪያ አይደለም።

ታዲያ ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ምን ይሠራል? በአንጀት ውስጠኛ ሽፋን መካከል ኢንተሮክሮማፊን የሚባሉ ሕዋሳት ተበታትነው ይገኛሉ። ምግብ ወይም ጋዝ ግድግዳውን ሲወጥረው፣ ወይም የሚያስቆጣ ኬሚካል ሲነካቸው፣ እነዚህ ሕዋሳት ሴሮቶኒን ይለቃሉ። የተለቀቀው ሴሮቶኒን መልእክቱን በሁለት በኩል ያደርሳል። አንደኛው መልእክት የሚሄደው ወደ አንጀት የራሱ ነርቮች ነው፤ እነዚህ ነርቮች ብዛታቸው በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሲሆን፣ ከምግቡ በስተኋላ ያለውን ጡንቻ አኮማትረው በስተፊቱ ያለውን እያላሉ ምግቡን ወደ ፊት ይገፉታል። ሁለተኛው መልእክት ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል በሚወጡ ነርቮች ይጓዛል። በጤነኛ ሰው ይህ ሁለተኛው መልእክት ቀን ከሌት ሲመላለስ አብዛኛው አይሰማም፤ የሚሰማው ጥጋብ ሲሆን፣ ማቅለሽለሽ ሲኖር ወይም ሽንት ቤት መሄድ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አጓጓዥ ፕሮቲን የተረፈውን ሴሮቶኒን ጠርጎ ወደ ሕዋስ ይመልሰዋል።

የሚቆጣ አንጀት ባለባቸው ሰዎች ይህ ሥርዓት በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም የሚዛባው። ተቅማጥ በሚያመዝንባቸው ሕመምተኞች ላይ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚገኘው ሴሮቶኒን ከጤነኞች ከፍ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። በ2004 የወጣ ጥናት ደግሞ ጠራጊው አጓጓዥ በሕመምተኞቹ አንጀት ውስጥ ቀንሶ አግኝቶታል፤ ይሁን እንጂ በኋላ ከተደረጉት ጥናቶች ይህን ያልደገሙት አሉ። ስለዚህ ማንም ሰው «ሴሮቶኒንዎ በዝቷል» ወይም «አንሷል» ብሎ በአንድ ቃል ቢነግርዎ አይመኑት፤ ይህን የሚለይ የተለመደ የደም ምርመራም የለም። ሴሮቶኒን መልእክተኛ ነው፤ የመልእክቱን ትርጉም የሚወስነው የሚቀበለው ነው። በሕዋሳት ላይ ያሉት እነዚህ ተቀባዮች ደግሞ በሰባት ቤተሰብ የሚከፈሉ ከአሥር የሚበልጡ ዓይነቶች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ቀጥሎ ባለው መልስ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አሁን «ምንም የለብሽም» ወደ ተባሉበት ነገር ልምጣ። በ1973 ሪቺ የተባሉ ተመራማሪ በሕመምተኞችና በሌሎች ሰዎች ታችኛ አንጀት ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው በአየር ነፍተው ነበር። ፊኛው 60 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ሕመም የተሰማቸው ከሌሎቹ ሰዎች 6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሕመምተኞቹ ግን 55 በመቶ ነበሩ። ይህ የሕመሙን ጠባይ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። አንጀቱ አልቆሰለም፣ አልተበሳም፤ የሚሰማው ነርቭ ግን ንቃቱ ከልክ አልፏል። ለሌባ ሊጮህ የሚገባው የግቢ ውሻ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሲጮህ እንደማለት ነው፤ ጩኸቱ እውነተኛ ነው፣ ግቢው ውስጥ ግን ሌባ የለም። ኮሎኖስኮፒ የሚያየው የግድግዳውን መልክ እንጂ የነርቩን ንቃት አይደለም። ሐኪሙ «ቁስልም ዕጢም የለብሽም» ቢሉ ትክክል ነበሩ፤ «ምንም የለብሽም» ማለታቸው ግን ስህተት ነው፤ ይህንንም የምለው የሙያ ባልደረባ ሆኜ ነው።

የጭንቀትንም ነገር አልሸሽም። ከአንጀት ወደ አንጎል የሚወጣ መንገድ እንዳለ ሁሉ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርድም አለ፤ ይህም ወራጅ መንገድ አከርካሪ ላይ የሕመሙን መልእክት ሊያደበዝዘውም ሊያጎላውም ይችላል። ሰው ሲከፋው «ሆድ ባሰኝ»፣ ሲራራ «አንጀቴ ተላወሰ» የሚል ሕዝብ ይህን ለመቀበል ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ቢሆንም ጭንቀት ያጎላዋል ማለትና ጭንቀት ብቻ ነው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከደብዳቤዎ ዋጋ ያለው ፍንጭ ያገኘሁት «በሽታው ለቀቀኝ፤ ሆዴ ግን» ካሉበት ቦታ ነው። በ2004 በኖርዌይ በርገን ከተማ የመጠጥ ውኃ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሰው ታሞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጃርዲያው ታክሞ ካለቀ በኋላ ማለት ነው፣ ከታመሙት 46 በመቶው የሚቆጣ አንጀት ምልክቶች ሲኖሩባቸው፣ ካልታመሙት ጎረቤቶቻቸው መካከል ግን 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2000 በካናዳ ዎከርተን ከተማ ውኃው በባክቴሪያ ተበክሎ ከ2,300 ሰው በላይ ሲታመምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ካስታመማቸው ሰዎች አንጀት የተወሰደ ናሙና ሲመረመር ደግሞ፣ ጀርሙ ከሄደ በኋላም ሴሮቶኒን የሚለቁት ሕዋሳት በዝተው ተገኝተዋል። ሠራዊቱ ተባርሮ ዘበኞቹ ግን በዝተው ቀርተዋል ማለት ነው።

ስለ ሜትሮኒዳዞሉ በግልጽ ልናገር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታ አምጪው አሜባና ምንም ጉዳት የሌለው ኢንታሚባ ዲስፓር የተባለው ዘመዱ አይለያዩም። ስለዚህ «አሜባ ታይቷል» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን አምስተኛ ዙር መድኃኒት ለመስጠት በቂ ምክንያት አይደለም፤ በተለይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሳይኖር።

የእርስዎ ሁኔታ በ2016 ከወጣው ሮም አራት ከሚባለው መመዘኛ ጋር ይስማማል፤ ከስድስት ወር በፊት የጀመረ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሚመላለስ፣ ከመጸዳዳት ጋር የተያያዘና የሰገራውን መልክ ወይም ብዛት የለወጠ ሕመም ነው። የሴሊያክ በሽታ (የስንዴ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) የደም ምርመራ ካልተደረገልዎ ይጠይቁ። ሰገራ ላይ ደም ቢያዩ፣ ሳያስቡት ቢከሱ፣ የደም ማነስ ቢገኝብዎ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ቢሆን ግን ይህን ጽሑፍ ወደ ጎን ትተው ተመልሰው ይመርመሩ። ፈተና በሚፈትኑበት ቀን ሎፔራማይድ የተባለው የተቅማጥ ማስታገሻ መሮጡን ይቀንስልዎታል፤ ቁርጠቱን ግን እምብዛም አይነካውም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ተቅማጥ የሚያመዝንበት አይ.ቢ.ኤስ አለብኝ። በቅርቡ ሐኪሜ ኦንዳንሴትሮን አዘዘልኝ። ይህ መድኃኒት እናቴ የካንሰር ሕክምና ስትወስድ ማስመለሱን ለማስቆም የተሰጣት ነው፤ አንድ የተደበቀብኝ ነገር አለ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ደግሞ «ለአንጀት የተሠራው አሎሴትሮን ሰው ገድሎ ታግዷል» ብሎ ጨመረልኝ። ምን ላድርግ?
ሾፌሩ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ የተደበቀብዎ ነገር የለም፤ ይልቁንም ሁለቱን ሕመሞች የሚያገናኘው ያው ሴሮቶኒን ነው። ለካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሲስፕላቲን፣ ኢንተሮክሮማፊን ሕዋሳትን ቀስቅሰው ብዙ ሴሮቶኒን ባንዴ ያስለቅቃሉ። የተለቀቀውም ቫገስ በተባለው ነርቭ ጫፍ ላይ ያለውን ሦስተኛውን ዓይነት ተቀባይ ይነካና አንጎል የማስመለስ ትእዛዝ ይሰጣል። ኦንዳንሴትሮን ይህን ተቀባይ ይዘጋል።

ይህ ሦስተኛው ተቀባይ ከሌሎቹ የሴሮቶኒን ተቀባዮች በአሠራሩ ይለያል። ሌሎቹ መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ በደረጃ የሚያስተላልፉ ሲሆኑ፣ እርሱ ራሱ በር ነው፤ ሴሮቶኒን ሲነካው ወዲያው ይከፈትና በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ገብተው ነርቩን ያስነሣሉ። ከአንጀት ወደ ላይ በሚወጡት የስሜት ነርቮች ላይም፣ እንቅስቃሴውንና የፈሳሹን መመንጨት በሚያዙት ነርቮች ላይም ይገኛል። በሩን ሲዘጉት አንጀቱ ይዘገያል፣ ፈሳሹ ይቀንሳል፣ ሰገራው ይጠጥራል፤ ጥድፊያውም ይበርዳል። በእንግሊዝ አገር በ120 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2014 የወጣ ጥናት ኦንዳንሴትሮን የሰገራውን መልክና ጥድፊያውን በግልጽ እንዳሻሻለ አሳይቷል፤ ሕመሙን በመቀነስ ረገድ ግን ከባዶ ክኒን የተለየ ውጤት አላመጣም። ይህን አስቀድመው ካወቁ መድኃኒቱን በማይችለው ሥራ አይወቅሱትም። የሚያመጣው ዋና ችግር የሆድ ድርቀት ነው፤ የልብ ምት መዛባት ካለብዎ ደግሞ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ባልደረባዎ የነገረዎ ከፊሉ እውነት ነው። አሎሴትሮን ያንኑ ተቀባይ ይበልጥ አጥብቆ የሚዘጋ መድኃኒት ነው። በየካቲት 2000 ገደማ በአሜሪካ ለሴቶች ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ግን ከገበያ ወጣ። ምክንያቱ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ የአንጀት ግድግዳ ደም ሲያጥረው የሚመጣ ጉዳትና አደገኛ የሆድ ድርቀት መታየቱ፣ የሞቱም ሰዎች መኖራቸው ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን ባልደረባዎ ያልነገረዎ ነው፤ ሕመምተኞቹ ራሳቸው መድኃኒቱ ይመለስልን ብለው አቤት አሉና በ2002 ሌላ መድኃኒት ላልሠራላቸው፣ ተቅማጡ ለበረታባቸው ሴቶች ብቻ፣ በጥብቅ ገደብ ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ የማነሣው ለማስፈራራት ሳይሆን ሕመሙ ሰውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ስለሚያሳይ ነው። አደጋውን እያወቀ መድኃኒቱን መልሱልኝ የሚል ሰው «ምንም የለብህም» የሚባል ሰው አይደለም።

ለምሉእነት ያህል፣ ድርቀት የሚያመዝንባቸው አንባቢዎች የሚያስፈልጋቸው ተቃራኒው ነው። አራተኛው ተቀባይ ሲነሣ አንጀት መግፋት ይጀምራል። ይህን የሚያነሣው ቴጋሴሮድ በ2002 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ በ2007 ከልብና ከደም ሥር ጋር በተያያዘ ስጋት ከገበያ ወጣ። ከእርሱ ይበልጥ አራተኛውን ብቻ መርጦ የሚነካው ፕሩካሎፕራይድ በአውሮፓ ከ2009፣ በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ ለቆየ የሆድ ድርቀት ይሰጣል። አንዱ ተቀባይ ሲዘጋ ለአንዱ ሕመምተኛ ይበጃል፤ ሌላው ሲነሣ ለሌላው ይበጃል። አንድ ሰው ጓደኛውን የረዳውን ክኒን ተውሶ ቢውጥ ለምን ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ለሆድ ሕመሜ አሚትሪፕቲሊን ጻፉልኝ። ፋርማሲው «ይህ የድብርት መድኃኒት ነው» አለኝና አልገዛሁትም። እኔ የአእምሮ ሕመምተኛ ነኝ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደሉም፤ መድኃኒቱንም ይግዙት። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት የሚሰጠው በከፍተኛ መጠን ነው፤ ለአንጀት የሚሰጠው አነስተኛ መጠን፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም፣ ነርቮቹ የሚያስተላልፉትን የሕመም መልእክት ለማለዘብ ነው። በእንግሊዝ አገር 463 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2023 የወጣ ጥናት፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ ላሉ ሕመምተኞች ለስድስት ወር የተሰጠው ይኸው መጠን ከባዶ ክኒን የተሻለ እንደሆነ አረጋግጧል። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይውሰዱት፣ ምክንያቱም እንቅልፍ ያመጣል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድም ያደርቃል፤ ስለዚህ ድርቀት ለሚበረታበት ሰው አይመረጥም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው «አልሠራልኝም» ብለው አይጣሉት። ጻፉልኝ ያሏቸው ሐኪም ይህን በቃል ቢነግሩዎ ኖሮ ፋርማሲው ባላስደነገጠዎ ነበር።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ሽሮና ምስር ልተው? ቡናና በርበሬስ? ደግሞ ሙዝ ሴሮቶኒን ስላለው አንጀት ያረጋል ይባላል፣ ከውጭ የመጣ የሴሮቶኒን ማሟያ ክኒንም ጎረቤቴ ሰጥታኛለች።
እናት፣ ከጎንደር

መልስ፦ እማማ፣ ሆድዎ የሚነፋበት ምክንያት ከጾሙ ሳይሆን ከጥራጥሬው ነው። በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በምስር ውስጥ የሰው አንጀት ሊሰባብረው የማይችል ስኳር አለ። ይህ ስኳር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎቹ አብላልተው ጋዝ ያደርጉታል። ጋዙ ማንንም ሰው ይነፋል፤ ነርቩ የነቃበት ሰው ግን ያንኑ መጠን እንደ ሕመም ይሰማዋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴም ተመሳሳይ ስኳር አላቸው። የኛ ወጥ የሚጀምረው በሽንኩርት ስለሆነ ብዙ ሰው ጥፋቱን በበርበሬው ላይ ይጥላል፤ ቁሌቱን ግን የሚጠረጥረው የለም።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይተዉ አልልም፤ እንዲያውም ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የቀመሩት አመጋገብ እነዚህን ስኳሮች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ መሞከርን ይጠይቃል። በጾም ወቅት ግን ጥራጥሬውን ቢያጠፉት ሌላ የሚተካው ፕሮቲን ትንሽ ስለሆነ መጠኑን መቀነስ ይሻላል። ምስሩን ሌሊት ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉት፣ ስኳሩ ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ሽሮ ግን ዱቄቱ ከነውኃው ስለሚበላ ይህ አይሆንለትም፤ በአንድ ማዕድ ሽሮም ምስርም ክክም ከመደርደር አንዱን በትንሹ ይምረጡ። ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሰው አውጥተው ቢጥሉት ጣዕሙ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ስኳሩ ግን በዘይት ስለማይሟሟ አብሮ ይወጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በቀን፣ ወይም የአጃ ገንፎ፣ አንጀቱን ያለዝባል፤ የስንዴ ፉርሽካ ግን ብዙ ጊዜ ያባብሳል።

ቡና ታችኛውን አንጀት በደቂቃዎች ውስጥ ያንቀሳቅሳል፤ ተቅማጥ ካለብዎ ከአቦል በኋላ ያለውን ይተዉት፣ ድርቀት ካለብዎ ግን ወዳጅዎ ነው። የበርበሬው ማቃጠያ ካፕሳይሲን በሴሮቶኒን በኩል አይሠራም፤ ሙቀትን የሚሰማ ሌላ ተቀባይ ይነካል። ይህ ተቀባይ ያለባቸው ነርቮች በሕመምተኞች አንጀት ውስጥ በዝተው ስለ ተገኙ፣ «በርበሬ ያመኛል» የሚል ሰው ማመካኛ እየፈጠረ አይደለም።

ሙዙን ይብሉት፣ ፍሬ ነውና፤ ሴሮቶኒን ስላለው ግን አንጀት ያረጋል ማለት አይቻልም። ሕዋሳትዎ ሴሮቶኒንን የሚሠሩት ትሪፕቶፋን ከተባለ የፕሮቲን አካል ነው፤ እርሱም ከዚያው ከምስሩ ይገኛል። የጎረቤትዎን ክኒን ግን ይመልሱላት። በማሟያነት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሴሮቶኒን የሚለወጥ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ራሱ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ያመጣል፤ ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል። በቤትዎ አሚትሪፕቲሊንም ሆነ ሌላ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ክኒኑን እስኪመልሱት ድረስ በአንድ ሣጥን አያስቀምጡት።